የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሰፌድ እምብርት የሚነሣ ጂኦሜትሪ

በዚህ ዕትም ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ሳይነጋገሩ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ አብረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ከተማ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ በስፌት ሥራ ልጆቼን የማሳድግ እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። በሌላው ትምህርቷ የምትታማ አይደለችም፤ ጂኦሜትሪ ላይ ስትደርስ ግን ፎርሙላውን ሌሊቱን ሙሉ ስታነበንብ ታድርና በፈተናው ሰዓት ይጠፋባታል። «የክብ ስፋት 3.14 ሲባዛ በሬዲየስ፣ እንደገና ሲባዛ በሬዲየስ ነው» ትለኛለች፤ «ለምን?» ብዬ ስጠይቃት «እማዬ፣ እንዲሁ ነው የተባለው» ትላለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደብተሯን አይቼ ልረዳት አልቻልሁም። እንደ እኔ ያለች እናት በዚህ ትምህርት ልጇን የምታግዝበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ

ክብርት እናት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኔ ያረፈው «በስፌት ሥራ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ልጅዎን ለጠየቋት «ለምን» መልሱ ያለው እርስዎ በሚሰፉት ሰፌድ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩን ከእምብርቱ ጀምሬ እስከ ጠርዙ ላስረዳዎ። አንድ ምሽት ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው ቢሠሩት፣ እርስዎ የሰፌዱን ጠባይ፣ እሷ ደግሞ ቍጥሩን እየተናገራችሁ ትጨርሱታላችሁ።

እንደሚያውቁት ሰፌድ የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ የሣሩ ጥቅል ተጠምዝዞ እምብርቱ ከተያዘ በኋላ፣ በወስፌ እየተወጋና በአክርማ እየተጠቀለለ፣ ዙር በዙር ላይ እየተጨመረ ወደ ውጭ ይሰፋል። የጥቅሉ ውፍረት በየዙሩ 1 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ 20 ዙር ሲሞላ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልጅዎ በደብተሯ «ሬዲየስ» ብላ የጻፈችው ይህንኑ ከእምብርት እስከ ጠርዝ ያለውን ርቀት ነው። አሁን ክርና መቀስ ይያዙ። በእያንዳንዱ ዙር አጋማሽ ላይ ክር እያዞሩ፣ ክሩ ከተነሣበት ሲገጥም ይቍረጡት። የመጀመሪያው ክር ከ3 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለተኛው ወደ 9 ተኩል፣ ሦስተኛው ወደ 16 ይጠጋል፤ ሃያኛው ከ122 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እነዚህን 20 ክሮች ከአጭሩ ጀምረው፣ በግራ በኩል ጫፋቸውን አስተካክለው፣ አንዱን ከሌላው በታች በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ወለሉ ላይ ይዘርጓቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉና ምን ዓይነት ቅርጽ እንደ ወጣ ልጅዎ ራሷ ትናገር።

የሚወጣው አንድ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ጎነ ሦስት ነው። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሬዲየሱ ሲሆን፣ መሠረቱ ደግሞ የሰፌዱ ጠርዝ ዙሪያ፣ ማለትም 125.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ያንኑ የሚያህል ሌላ ጎነ ሦስት ገልብጠው ቢገጥሙበት ሙሉ አራት ማዕዘን ስለሚሆን፣ የጎነ ሦስቱ ስፋት የአራት ማዕዘኑ ግማሽ መሆኑን ለማየት ፎርሙላ አያስፈልግም፤ 125.6 በ20 ሲባዛ 2512፣ ግማሹ 1256 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን ልጅዎ በቃሏ የያዘችውን ታስላ፦ 3.14 ሲባዛ በ20፣ እንደገና ሲባዛ በ20፣ 1256 ነው። ሣሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም፤ ክብ ሆኖ የተጠመጠመው ተፈትቶ ተዘረጋ እንጂ። ሰፌዱ የሚጠመጠመው ሳይቋረጥ ስለሆነ እያንዳንዱ ዙር በትክክል ለብቻው የቆመ ክብ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ዙሮቹ በቀጠኑና በበዙ መጠን ግን ልዩነቱ እየጠፋ ይሄዳል፣ የክሮቹም ደረጃ እየለሰለሰ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የሲራኩሱ አርኪሜድስ ከ2200 ዓመታት በፊት የክብ ስፋት ቁመቱ ሬዲየሱን፣ መሠረቱ ዙሪያውን ከሚያህል ቀጤ ጎነ ሦስት ጋር እኩል መሆኑን ያረጋገጠው ይህንኑ ነገር ነው።

«3.14 ራሱ ከየት መጣ?» ብላ ብትጠይቅ (ብትጠይቅ ደስ ይበልዎ) ከእምብርት እስከ ጠርዝ የሚደርስ ዘንግ ቈርጠው በጠርዙ ላይ ጫፍ ለጫፍ እያስነኩ ያዙሩት። ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት በ6 እርምጃ ከተነሣበት ይመለሳል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ በአቋራጭ ሲሄድ ጠርዙ ግን እየተቀለበሰ ይሄዳልና፣ የጠርዙ ርዝመት ከ6 ሬዲየስ የግድ ይበልጣል። ሁለት ሬዲየስ አንድ ዲያሜትር ስለሆነ፣ ዙሪያው ከዲያሜትሩ 3 እጅ ይበልጣል ማለት ነው። አርኪሜድስ 6ቱን ጎን 12፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 48፣ በመጨረሻም 96 እያደረገ ቍጥሩ ከ3 ከ1/7 በታች፣ ከ3 ከ10/71 በላይ መሆኑን አሳየ። ጎኖቹን በአንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ6 ወደ 12 አብዝታ በወረቀት ላይ ብትሥለው መንገዱ ይገባታል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እርስዎ ከማናችንም በተሻለ ያውቁታል። ሰፌድ ዝርግ ሆኖ እንዲቀር እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ምን ያህል መርዘም አለበት? ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ዙሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ጭማሪው ሁልጊዜ 6.28 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከላይ የቈረጣችኋቸውን ክሮች ጎን ለጎን ይዘው ቢያዩአቸው ይህ እኩል ጭማሪ ይታያል። ጭማሪው ከዚህ ሲያንስ ጠርዙ ወደ ላይ እየተነሣ ይሄዳል፤ ጨርሶ ሲቀር ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሶብ መሶብ የሚሆነው በዚህ ነው። ጭማሪው ከሚገባው ሲበዛ ደግሞ ጠርዙ ቦታ አጥቶ ይሸበሸባል፤ ጀማሪ ሰፊ ሥራዋን የምትፈታበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን የሚሸበሸብ ገጽ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀመር ሲያጠኑት ቢቆዩም በእጅ ዳሶ ለመረዳት አስቸጋሪ ሆኖባቸው ነበር። የላትቪያ ተወላጅ የሆነችው የሒሳብ ባለሙያ ዳይና ታይሚኛ በ1997 እ.ኤ.አ. በኪሮሽ፣ በየረድፉ የዐይኑን ቍጥር በእኩል ምጣኔ እያበዛች ሠራችውና፣ ተማሪዎቿ ገጹን እያጠፉና መስመር እየሰፉበት መማር ጀመሩ። ስለዚህ ልጅዎ ከእርስዎ አጠገብ ተቀምጣ መሶብ ሲነሣ ስትመለከት ከጂኦሜትሪ እንደ ወጣች አድርገው አይቍጠሩት።

ሥዕል የሕፃናት ማባበያ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁም አትስሙት። በ2014 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ታላቅ የሚባለውን የፊልድስ ሜዳልያ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የተቀበለችው ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ፣ ትልልቅ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግታ ተንበርክካ ያንኑ ቅርጽ ደጋግማ እየሣለች ታስብ ስለነበር፣ ትንሿ ልጇ የእናቷን ሥራ ሥዕል መሣል አድርጋ ትቈጥረው ነበር።

ስለ እንግሊዝኛው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጅዎ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ፣ «እምብርት»፣ «ጠርዝ»፣ «ዙር» እያለች ለእርስዎ ታስረዳ፤ እርስዎ ካልገባዎት ገና አልገባትም ማለት ነው። ከገባት በኋላ የእንግሊዝኛውን ስም በገዛ ሥዕሏ ላይ፣ በየቦታው አጠገብ ትጻፈው። ያን ጊዜ ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል።

ጥያቄ

የኮምቦልቻ ነዋሪና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ጓደኛዬ 8 በ8 የሆነ ባለ ካሬ ወረቀት በአራት ቈርጦ፣ ቍራጮቹን መልሶ ሲገጥማቸው 5 በ13 የሆነ አራት ማዕዘን አደረጋቸው። የፊተኛው 64 ካሬ፣ የኋለኛው 65 ካሬ ነው። በገዛ እጄ ቈርጬ ሞከርሁት፤ በእርግጥም ይገጥማል። ዐይን እንዲህ የሚያታልል ከሆነ ጂኦሜትሪን በማየት መማር ይታመናል ወይ? ምስጢሩስ ምንድን ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲሞክሩት አቈራረጡን ላስታውስ። ካሬው 8 በ3 እና 8 በ5 ተደርጎ ለሁለት ይከፈላል። የ8 በ3ቱ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተቈርጦ ሁለት ጎነ ሦስቶች ይወጡታል። የ8 በ5ቱ ደግሞ አንደኛው ትይዩ ጎን 3፣ ሌላው 5 በሆነ አኳኋን በሰያፍ ተቈርጦ ሁለት እኩል ትራፒዚየሞች ይሆናል። በአዲሱ አራት ማዕዘን ውስጥ የጎነ ሦስቱ ሰያፍ ጎንና የትራፒዚየሙ ሰያፍ ጎን ተቀጣጥለው አንድ ቀጥ ያለ መስመር የሠሩ ይመስላሉ።

ነገሩ ያለው «ይመስላሉ» በሚለው ላይ ነው። አንተ የሐረጎን ዳገት ታውቀዋለህና በዳገት አስበው። በጎነ ሦስቱ ሰያፍ ላይ የሚሄድ ሰው 8 ርምጃ ወደ ፊት ሲጓዝ 3 ወደ ላይ ይወጣል፤ በትራፒዚየሙ ሰያፍ ላይ የሚሄደው ግን 5 ርምጃ ሲጓዝ 2 ይወጣል። 3 ለ8 ሲካፈል 0.375፣ 2 ለ5 ሲካፈል 0.4 ነው። ሁለቱ ዳገቶች እኩል ስላልሆኑ መጋጠሚያቸው ላይ መንገዱ ይሰበራል፤ የእያንዳንዱ ካሬ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በሁለቱ የተሰበሩ መስመሮች መካከል ወደ 14 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ ግን በሰፋበት ቦታ ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ክፍተት ይቀራል። የዚያ ክፍተት ስፋት በትክክል 1 ካሬ ነው። መቀስህና ጣትህ ያንን ያህል ስሕተት ስለሚሸፍኑ አላየኸውም።

ይህ ማየትን አያስነቅፍም፤ አንዴ አይቶ መተውን ያስነቅፋል። ልብ በል፣ ማታለሉን ያጋለጠውም ሌላ አስተያየት ነው፤ ዳገቱን ማየት። እኔ በተማርሁበት ዘመን የጎነ ሦስት ሦስቱን ማዕዘኖች ከወረቀት ቀድደን ጎን ለጎን ስንገጥማቸው ቀጥ ያለ መስመር ሲሠሩ አይተን «180 ዲግሪ ነው» ብለን ደብተራችንን ዘጋን። ያየነው እውነት ቢሆንም ያየነው አንድ ጎነ ሦስት ብቻ ነበር፤ 179 ወይም 181 ቢሆንም ወረቀቱ አይነግረንም። የጎደለው ተጨማሪ አንድ መስመር ነው፦ በጎነ ሦስቱ ጫፍ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር አሥምር። ትይዩ መስመሮችን የሚያቋርጥ መስመር ከሁለቱ ጋር በተቃራኒ ወገን የሚሠራቸው ማዕዘኖች እኩል ስለሆኑ፣ የመሠረቱ ሁለት ማዕዘኖች ወደ ላይ ወጥተው ከጫፉ ማዕዘን ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ሦስቱም አብረው በዚያ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ያርፋሉ። ይህ ሥዕል ጎነ ሦስቱ ቢሾልም፣ ቢዘረጥም አይለወጥም። የእስክንድርያው ዩክሊድ በ300 ዓ.ዓ. ገደማ በ13 መጻሕፍት የሰበሰበው ጂኦሜትሪ በእንዲህ ያለ ማስረጃ የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱም ማስረጃ ከአንድ ሥዕል ጋር ነው የሚሄደው።

በነገራችን ላይ 3፣ 5፣ 8 እና 13 ያለ ምክንያት አልተመረጡም። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። በዚሁ ሥርዓት ከሚቀጥሉት ቍጥሮች 13 በ13 ካሬ ወስደህ ወደ 8 በ21 ብትለውጠው ምን እንደሚሆን አስላ፤ በዚህኛው ካሬ ይጠፋል እንጂ አይገኝም።

ጥያቄ

በላሊበላ የሒሳብ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል ከ60 የሚበልጡ ተማሪዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ ኮምፓስም ማስመሪያም የላቸውም። በሥዕልና በልምምድ ማስተማር መልካም መሆኑን ባምንም፣ የትምህርቱ ዕቅድ ጊዜ አይሰጠኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

የተከበሩ መምህር፣ ሁሉንም ምዕራፍ በዚህ መንገድ ያስተምሩ ብል ሁኔታዎን አለማወቅ ይሆንብኛል። በመንፈቅ ዓመቱ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ርእሶችን መርጠው፣ ለእነሱ በቂ ጊዜ ሰጥተው፣ ሌላውን በተለመደው መንገድ ቢያልፉ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ «ለምን» ገብቶት የሚያውቅ ተማሪ በሌላውም ርእስ ላይ «ለምን» ማለቱ አይቀርም። ስለ መሣሪያው አያስቡ። የጎጆ መሠረት የሚወጣው በችካልና በገመድ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግቢም 60 ልጆች በአንድ ገመድ ክብ ማውጣት ይችላሉ።

ሁለት ርእሶችን ላቅርብልዎ። የመጀመሪያው የፓይታጎረስ ቲዎረም ነው፤ በቀጤ ጎነ ሦስት በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ላይ የሚሠሩት ካሬዎች ድምር በረጅሙ ጎን ላይ የሚሠራውን ካሬ ያህላል የሚለው። ተማሪዎችዎ ከአንድ ዐለት ወደ ታች የተፈለፈለውን፣ ጣራው ላይ መስቀል በመስቀል ውስጥ የተቀረጸበትን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆነው ሲያዩ ነው ያደጉት። አምስት እኩል ካሬዎች ያሉት፣ አራት ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ከወረቀት ይቍረጡና «ይህን መስቀል አንድ ካሬ አድርጉት» ይበሏቸው። ታግለው ሲደክሙ ፍንጩን ይስጡ፦ ከቀኙ ክንድ የላይኛ ጎን አጋማሽ ተነሥቶ በእምብርቱ አልፎ እስከ ግራው ክንድ የታችኛ ጎን አጋማሽ የሚደርስ አንድ ቍርጥ፤ ከላይኛው ክንድ የግራ ጎን አጋማሽ እስከ ታችኛው ክንድ የቀኝ ጎን አጋማሽ በእምብርቱ የሚያልፍ ሌላ ቍርጥ። አራት እኩል ቍራጮች ይወጣሉ፤ ሲገጠሙም አንድ ካሬ ይሆናሉ። የካሬው ጎን የቍርጡን ርዝመት ያህላል። ቍርጡ ደግሞ 2 ወደ ጎን፣ 1 ወደ ላይ የሚሄድ ሰያፍ ነው። የካሬው ስፋት 5 መሆኑን አስቀድመው ያውቃሉ፤ 2 በ2፣ 4፤ 1 በ1፣ 1፤ ድምሩ 5። ቲዎረሙን ገና ሳይሰሙ በእጃቸው ይዘውታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ክብና ማዕዘን ሲሆን፣ ከደሴ አንድ የሥራ ባልደረባ ያስፈልግዎታል። በሚያዝያ 13 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አለፍ ሲል፣ ፀሐይ በላሊበላ አናት ላይ ትሆናለች፤ ቀጥ ያለ ዘንግ ጥላ ያጣል። (በነሐሴ አጋማሽም ትመለሳለች፤ ነገር ግን ደመናው አያሳይም።) በዚያው ዕለት ደሴ ላይ፣ በራሷ በደሴ ቀትር፣ ጥላው ወደ ደቡብ ጥቂት ይወጣል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ ዛሬ አስዋን በምትባለው በሲዬኔና በእስክንድርያ መካከል ያለውን የጥላ ልዩነት ተመልክቶ፣ ከመላው ክብ 1/50ኛ መሆኑን አውቆ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚህ መንገድ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለታችሁም ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መሃሉ በትንሹ የተበሳ ካርቶን ዘርግታችሁ እሰሩ፤ ከቀዳዳው ሥር ቱንቢ አውርዳችሁ ነጥቡን መሬት ላይ አመልክቱ። በቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ክብ ሆና መሬት ላይ ታርፋለች፤ የጥላ ጠርዝ የደበዘዘ ስለሆነ ከጥላው ይልቅ የዚህችን ክብ እምብርት መለካት ይሻላል። ላሊበላ ላይ ክቧ ከቱንቢው ነጥብ ላይ ታርፋለች፤ ጥቂት ብትርቅም ርቀቱንና አቅጣጫውን መዝግቡና ከደሴው ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። አሁን ሬዲየሱ 2 ሜትር የሆነ ክብ አስቡ፤ ዙሪያው 1256 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 3.14 ቢሆን ከመላው ክብ 1/400ኛ ነው። የመኪናው መንገድ ዞሮ ስለሚሄድ ትታችሁ፣ ደሴና ላሊበላ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ የሚራራቁትን በካርታ ላይ ለኩ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ታገኛላችሁ። እሱን በ400 የሚያባዙት ተማሪዎችዎ ይሁኑ።